ዝሆን ፍለጋ ሄጄ ወፍ አየሁ
ለስራ ባንኮክ መጥቼ ዛሬ እሁድ ስለሆነ ካኦ ያይ ፓርክ ሄድኩላችሁ፣ በመኪና ሶስት ሰአት ገደማ ነው፣ በ1962 እ.ኤ.አ የተከለለ የታይላንድ የመጀመሪያው ብሄራዊ ፓርክ። ዝሆን አያለሁ ብዬ ነበር (ዝሆኑ ቀረ ሃሃሃ) ግን ዛፍ ጫፍ ላይ የወፍ መንጋ ከች አለ፣ ግማሹ እንደ በርበሬ የቀላ ግማሹ ቢጫ፣ ሁለት አይነት ወፍ ናቸው ብዬ ድርቅ ስል አስጎብኚው ሳቀብኝና ቀዩ ወንዱ ነው ቢጫዋ ሴቷ ናት አለኝ። ስካርሌት ሚኒቬት ነው ስማቸው። ከቅጠሉ ላይ ትላትል ምናምን እየለቀሙ አንዱ ብር ሲል ሌሎቹም ተከታትለው ይሄዳሉ፣ ስልኬን እስካወጣ እልም! ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ ቅጠል ብቻ። ቀና ብዬ ስፈልጋቸው ውዬ አንገቴ አሁንም አልዞር ብሎኛል