ትምህርቱ አንድ ይሁን፣ መለኪያው ግን ይለይ

እዚህ ሜሪላንድ ሐበሻ ወላጆች ከተገናኘን፣ ክርስትናም ይሁን ለቅሶ፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ የልጆች ትምህርት ላይ ማረፉ አይቀርም። አንዷ «ልጄን ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚሰጥ የቋንቋ ድጋፍ ክፍል) እንዳይከቱብኝ የትምህርት ቤቱ መመዝገቢያ ፎርም ላይ ቤት የምንናገረው እንግሊዝኛ ብቻ ነው ብዬ ሞላሁ» ትላለች። ሌላው ደግሞ «ገና ቋንቋውን ያልያዙ ልጆች እንዴት ከሌላው እኩል ይጠየቃሉ? ለእነሱ ቀለል ያለ ትምህርት ቢሰጣቸው ምናለ?» ይላል። ሁለቱም ለልጃቸው አዝነው ነው። እኔ ግን በሁለቱም አልስማማም፤ ልጄ ላይ የደረሰውን ስላየሁ።

ልጄ አዲስ አበባ 6ኛ ክፍልን ጨርሶ ነው የመጣው። እስከዚያ ድረስ ሒሳብ የተማረው በአማርኛ ነው። ክፍልፋይ በሉት፣ መቶኛ በሉት፣ ጥርት አድርጎ ያውቃል። እዚህ የሰጡት ፈተና ግን ከቁጥሩ ይልቅ ጽሑፉ ይበዛል። ስለ ቤዝቦል ጨዋታ፣ ኳርተርና ዳይም ስለሚባሉ ሳንቲሞች፣ ስለ ኢንችና ፓውንድ ይጠይቃል። በሜትርና በኪሎ ያደገ ልጅ ጥያቄው ምን እንደሚል ሳይገባው ሰዓቱ አለቀበት። በዚያ ውጤት ዝቅተኛው የሒሳብ ክፍል መደቡት። ቤት መጥቶ «እማዬ፣ እኔ እኮ ይሄን 4ኛ ክፍል ተምሬዋለሁ» አለኝ። በጣም ተናደድኩ።

ትምህርት ቤቱ ሄጄ አስተርጓሚ ጠየቅኩ። መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ነፃ ነው፤ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ካውንስለሯ (የተማሪዎች አማካሪዋ) በትህትና «አሁን አናስጨንቀው፣ መጀመሪያ ቋንቋውን ይልመድ» አለችኝ። ደግነት ነው የሚመስለው፤ ግን ልጁ ቋንቋ እስኪለምድ ሒሳቡ ቆሞ ይጠብቀዋል ወይ? እዚህ አገር አልጀብራን በጊዜው ያልጀመረ ልጅ 12ኛ ክፍል ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ካልኩለስ ላይ አይደርስም፤ ኢንጂነሪንግ ቢመኝ ገና ከጅምሩ ወደኋላ ቀርቷል ማለት ነው። «እባካችሁ ቁጥር ብቻ ያለበት ወረቀት ስጡትና እዩት» አልኳቸው። ብዙ ምልልስ ፈጀ። በመጨረሻ የሒሳብ አስተማሪው እሺ ብሎ ፈተነው፣ ልጄም ሠራው፣ ክፍሉም ተቀየረ።

ለዚህ ነው ለስደተኛ ልጅ የተለየ፣ ዝቅ ያለ የትምህርት ደረጃ ይውጣለት ሲባል የማልስማማው። አንዴ ዝቅ ያለው ውስጥ ከገባ ማን ያወጣዋል? ግን ደግሞ ሁሉንም በአንድ ወረቀት መፈተንም እኩልነት አይደለም። ይሄን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ በ1974 ብሎታል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ እንግሊዝኛ የማይችሉ 1,800 ገደማ የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች ያለ ምንም የቋንቋ ድጋፍ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ፍርድ ቤቱ አንድ ዓይነት መጽሐፍና አንድ ዓይነት አስተማሪ ስለተሰጣቸው ብቻ እኩል ተስተናግደዋል ማለት አይቻልም ብሎ ወሰነ። ዛሬ ልጆቻችን የሚያገኙት ድጋፍ ብዙው ከዚያ ክስ በኋላ የመጣ ነው።

አሁን ያለው አሠራር እንዲህ ነው። የቋንቋ ተማሪ የሆነ፣ ማለትም እንግሊዝኛ ገና እየተማረ ነው ተብሎ የተመዘገበ ልጅ በየዓመቱ የእንግሊዝኛ ችሎታው ይለካል፤ ሜሪላንድን ጨምሮ በብዙ ስቴቶች ፈተናው ዊዳ የሚባለው ድርጅት የሚያዘጋጀው ነው። ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ ይፈተናል፤ ውጤቱ ከ1 እስከ 6 ነው። ይሄ ትክክል ነው፤ ቋንቋን ለብቻው መለካት ያስፈልጋል። ችግሩ ሌሎቹ ፈተናዎች ላይ ነው። አገር ከገባ 12 ወር ያልሞላው ልጅ የእንግሊዝኛ ንባብ ፈተናውን አንድ ጊዜ ሳይፈተን ሊቀር ይችላል፤ ሒሳቡን ግን ይፈተናል። ከዚያ በኋላ ሁሉንም። ልጅ በዓመት ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ሲያወራ ስትሰሙት አሜሪካዊ ይመስላችኋል። የመማሪያ መጽሐፉን ቋንቋ ለመያዝ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት እንደሚወስድ በዘርፉ የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ጽፈዋል። የኔም ልጅ ሲናገር ማን ብሎት፤ መጻፉ ላይ ግን ገና ነው።

ፎርም ላይ «እንግሊዝኛ ብቻ» ብላችሁ ለምትሞሉ፣ እህቶቼ፣ አታድርጉት። ልጁ ድጋፍ ከፈለገ በፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓትና መዝገበ ቃላት የሚያገኘው የቋንቋ ተማሪ ተብሎ ከተመዘገበ ነው። የኢኤስኤል ክፍሉን ካልወደዳችሁት አልፈልግም ማለት ትችላላችሁ።

እኔ አሁን የያዝኩት ጉዳይ ሌላ ነው። ኒውዮርክ የሒሳብ ፈተናውን በቻይንኛ፣ በኮሪያኛ፣ በሩስኛ፣ በስፓኒሽና በሄይቲ ክሪዮል ያዘጋጃል። የፌደራሉ የትምህርት ሕግም ስቴቶች ብዙ ተማሪ ባለበት ቋንቋ ፈተና ለማዘጋጀት እንዲጥሩ ይላል። እዚህ አጠገባችን ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የቋንቋ ሕግ ካወጣ ወዲህ የመንግሥት ቅጾች በአማርኛ ይገኛሉ። ቅጽ ከተተረጎመ የሒሳብ ፈተና የማይተረጎምበት ምክንያት አይታየኝም። በእርግጥ ትርጉም የሚጠቅመው ትምህርቱን በአማርኛ ለተማረ ልጅ ነው፤ እዚህ ተወልዶ ላደገው ምንም አያደርግለትም። ለአዲስ መጪዎቹ ግን ትልቅ ነገር ነው። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ይሄን ጥያቄ በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ ልጆቻችሁ በቅርቡ የመጡ እናቶችና አባቶች አብራችሁኝ ብትፈርሙ ደስ ይለኛል።