መኪናው ቀረ፣ ጠጠሩ መጣ፦ የፈረንሳይ ገጠር በቀጭን ጎማ

ደቡብ ፈረንሳይ ካለችው ከቱሉዝ ከተማ እስከ ካስቴ አን ዶርት፣ በጋሮን ቦይ ዳር፣ 193 ኪሎ ሜትር። ከሞላ ጎደል ሁሉም አስፋልት ነው፤ መኪና የሚታየው መንገድ ቦዩን በሚያቋርጥበት ቦታ ብቻ ነው። በዚህ ዓመት የብስክሌት ጉዞ ዝርዝራችን ላይ «ለቀጭን ጎማ ይሆናል» ከተባሉት መስመሮች ረጅሙ ይሄ ስለሆነ ትንሽ ጉራ ቢፈቀድልን አይከፋም። ይህን ለመጻፍ ያስነሳን ግን ንዴት ነው። ከዚያው ከቱሉዝ በተቃራኒው፣ በሚዲ ቦይ በኩል የሚወጣ ሁሉ እዚያው ቦታ ላይ በዚያው ችግር ይያዛል፤ ችግሩም ከመኪና ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ለጀማሪ ሁለት ቃል ብቻ። «ቩዋ ቬርት» ሞተር የማይገባበት መንገድ ነው፤ መግቢያው ላይ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ምልክት ይቆማል። «ቬሎሩት» ግን የጉዞ መስመር እንጂ የመንገድ ዓይነት አይደለም፤ ግማሹ ቩዋ ቬርት፣ ግማሹ መኪና የማይበዛበት ተራ መንገድ ሊሆን ይችላል። 900 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የሎዋር ወንዝ መስመር ቬሎሩት ነው። «ሎዋር ላይ መኪና የለም» የሚል ሰው ወይ አልሄደበትም ወይ ዕድለኛ ነው።

የመጀመሪያው ቩዋ ቬርት በ1997 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቡርጎኝ በሚባለው አውራጃ ውስጥ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ የተከፈተው 44 ኪሎ ሜትር ነው፤ የተዘጋ የባቡር ሐዲድ ነበር። ባቡር ዳገት ስለማይችል እንዲህ ያሉ መንገዶች ላይ ቁልቁለቱም አቀበቱም ከ3 በመቶ እምብዛም አያልፍም። የባቡር ጣቢያ በፈረንሳይኛ «ጋር» ይባላል፤ የእኛው ለገሃር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። ከቦርዶ አጠገብ ተነስቶ ሶቬቴር ደ ጉዬን የሚደርሰውም የሐዲድ መንገድ ነው፤ የተሰየመው የ1937ቱን ቱር ደ ፍራንስ ባሸነፈው በሮዤ ላፔቢ ነው። አስፋልት ስለሆነ ለመጀመሪያ ቀን ከዚህ የተሻለ አንመክርም።

ወደ ንዴቱ እንመለስ። ሚዲ ቦይ ከ1666 እስከ 1681 የተቆፈረ የዓለም ቅርስ ነው። ከቱሉዝ እስከ ፖር ሎራጌ፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጎማው እንደ ጠረጴዛ ላይ ይንሸራተታል። ይሄ ኦት ጋሮን የሚባለው ዲፓርትማን (የአስተዳደር ክልል) ነው። ወሰኑ ታልፎ ኦድ የሚባለው ዲፓርትማን ሲገባ አስፋልቱ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ረጅሙን መንገድ የተጠቀጠቀ አፈር፣ ጠጠርና የዛፍ ሥር ይቀበላል። ካርታው ላይ ግን መስመሩ ቀለሙን አልቀየረም። እንዲህ ያለውን መንገድ ብዙውን ጊዜ የሚያሠራው ዲፓርትማኑ ስለሆነ ጥራቱ የሚቀየረው ወሰን ላይ ነው። ስለዚህ መስመር ስታወጡ መጀመሪያ የምትፈልጉት የዲፓርትማን ድንበር ይሁን።

አስፋልት ያልሆነው በአብዛኛው «ስታቢሊዜ» ይባላል፦ ደቃቅ የኖራ ድንጋይ ተደምድሞ የተጠቀጠቀ። ርካሽ ነው፣ ውሃ ያሰርጋል፣ እግረኛም ፈረሰኛም ይወደዋል። ደረቅ ሲሆን በቀጭን ጎማም ይኬድበታል። ከዝናብ በኋላ ግን ነጭ ሊጥ ይሆንና ካቴናው ላይ፣ ፍሬኑ ውስጥ፣ ጠርሙሱ አፍ ላይ ይለጠፋል። ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ያለው ብስክሌት ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል። ምሽቱን በውሃ ካልታጠበ በማግስቱ ካቴናው ይጮሃል፤ ሳያጥቡ ዘይት መጨመር ደግሞ ሊጡን ማቡካት ነው።

አስቀድሞ ማወቂያው ይሄ ነው። መጀመሪያ በኦፕን ስትሪት ማፕ (በነጻ የኢንተርኔት ካርታ) ላይ የመንገዱን ክፍል ነክቶ «ሰርፌስ» (የመንገዱ ገጽ) የሚለውን ማንበብ። «አስፋልት» ካለ ጥሩ፤ «ኮምፓክትድ» ወይም «ፋይን ግራቭል» ካለ ስታቢሊዜ ነው፤ ምንም ካልተጻፈ አስፋልት አይደለም ብሎ መነሳት ነው። ቀጥሎ ከሰማይ የተነሳውን ፎቶ በፈረንሳይ መንግሥት የካርታ ድረ ገጽ መክፈት። አስፋልት ግራጫና ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፤ ስታቢሊዜ ወደ ክሬም ያደላል፣ ጠርዙንም ሣር ይበላዋል። ፀሐይ የመታው አሮጌ አስፋልትም ስለሚነጣ ከጎኑ ካለው የመኪና መንገድ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ዛፍ ከሸፈነው ፎቶው አይጠቅምም። ያኔ መንገዱ ከመኪና መንገድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የመንገድ ላይ ፎቶ ማየት ነው፤ ብዙ ሰው የሚታለለውም እዚህ ነው። መገናኛው አጠገብ ያሉት ጥቂት ሜትሮች ብዙ ጊዜ አስፋልት ይለብሳሉ፣ ከብረት አጥሩ ወዲያ ግን ጠጠር ይሆናል። ከአጥሩ ጀርባ ያለውን አጉልቶ ማየት ይገባል።

ጎማውን በተመለከተ መናዘዝ አለብን። 28 ሚሊ ሜትር ይበቃል ብለን ስንት ሰው ጋር ተከራክረናል። ለአስፋልት ይበቃል፤ ለኦድ አይበቃም። ብስክሌቱ የሚቀበል ከሆነ 32 ይግባ፤ ጎማው ከገባ በኋላ ግራና ቀኝ ከፍሬሙ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቅር፣ አለዚያ አንዲት ጠጠር ተሰክታ ቀለሙን ትፍቃለች። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ ከላማዳሪያ ላለው 32 ጎማ፣ ከኋላ 4.5 ከፊት 4.2 ባር (የነፋስ ግፊት መለኪያ) አካባቢ ይስማማል። ስታቢሊዜ ሲጀምር ከሁለቱም ግማሽ ባር ማስተንፈስ ይቻላል። ከዚያ በታች ሲወርድ ግን ቦዩ ዳር ለጥላ የተተከለው የፕላታን ዛፍ ሥር ይጠብቃል፦ ጎማው ከሥሩ ጋር ሲጋጭ ከላማዳሪያው በቸርኬውና በሥሩ መካከል ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣዋል። ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ እሾህ ፍለጋ ጊዜ አታባክኑ፤ ነፋሱ አንሶ ነው። ጎሚስታ እዚያ ገጠር የለም፤ ሁለት መለዋወጫ ከላማዳሪያና ማስቲሽ ይያዝ።

ጥላ ይኖራል ብሎ ውሃ መቀነስም አያዋጣም። የሚዲ ቦይ ፕላታኖች በ2006 በሽታ ከተገኘባቸው ወዲህ በሺዎች ተቆርጠዋል፤ ፎቶ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ዋሻ በብዙ ቦታ የለም።

አሁን ደግሞ የማያስማማው ሐሳብ። ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ቩዋ ቬርትን ትቶ ትንሹን የመኪና መንገድ ይያዝ። ቩዋ ቬርት ላይ እግረኛ፣ ሕፃንና ውሻ አለ፣ በየመገናኛው አጥር አለ፤ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት እዚያ ነውር ነው። በሚሽለን 1፡150,000 ካርታ ላይ ቀይ ከሆነው መሸሽ፣ ቢጫውን መጠራጠር፣ ነጩን መያዝ ነው። መንገዱ ላይ ያለችው ቀስት የዳገት ምልክት ናት፤ አንዷ ከ5 እስከ 9 በመቶ፣ ሁለት ከ9 እስከ 13፣ ሦስት ከዚያ በላይ። የነጩ መንገድ ጠላት «ግራቪዮን» የሚል ምልክት ነው፤ በሞቃቱ ወራት ሬንጅ ረጭተው ላዩ ላይ ጠጠር ይበትናሉ፣ የሚጠቀጥቀው የመኪና ጎማ ነው። መኪና ካልበዛበት ጠጠሩ ለሳምንታት ላላ እንዳለ ይቆያል፤ ፍሬን ከኩርባው በፊት ይያዝ፣ ኩርባው ውስጥ አይነካ።

ከክሉኒ ወደ ማኮን ለሚወርድ፣ 1,600 ሜትር የሚሆነው የቡዋ ክሌር ዋሻ በብርድ ወራት ለሌሊት ወፎች ሲባል ይዘጋል፤ ያኔ መንገዱ በኮረብታው ላይ ነው። ክፍት ሲሆንም ጃኬት ይለበስ፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል።

ውሃ የሚገኘው መቃብር ቦታ ነው። የመንደር ዳቦ ቤት ቀትር ላይ ይዘጋል፣ ሰኞ ብዙዎቹ ጨርሶ አይከፍቱም፤ መቃብሩ ግን አበባ የሚያጠጡበት ቧንቧ አለው፣ ብዙ ጊዜ በሩ አጠገብ። ከቧንቧው በላይ «ኦ ፖታብል» ካለ ይጠጣል። መሐል ላይ «ኖን» የምትል ቃል ከገባች ውሃው ለእጅና ለካቴና ማጠቢያ ነው፣ ጠርሙሱ ለሚቀጥለው መንደር ይቆይ።