የአርዳቢልን ቀንዲል በገዛ እጄ ስቋጥር

ለንደን ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ግን መጀመሪያ የገባሁት ዝናብ አባሮኝ ነው። ጨለም ያለ አዳራሽ ውስጥ አረፍ እንዳልኩ መብራት ቦግ አለ። ፊት ለፊቴ፣ በትልቅ የመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ መሬት ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ ነበር። መብራቱ ቀለሙን እንዳይጎዳው በየሰዓቱና በየግማሽ ሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ብቻ ነው የሚበራው። ሲጠፋ አልተነሳሁም። እንደገና እስኪበራ 20 ደቂቃ ጠበቅኩ።

የአርዳቢል ምንጣፍ ይባላል። ርዝመቱ 10.5 ሜትር፣ ወርዱ 5.3 ሜትር ገደማ ነው። በአንደኛው ጫፍ የፋርሱ ባለቅኔ የሐፊዝ ሁለት የግጥም ስንኞች፣ ከሥራቸው ስምና ዓመት በቋጠሮ ተጽፈዋል፦ መቅሱድ ካሻኒ፣ 946። ዓመቱ በእስልምና አቆጣጠር ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1539 ወይም 1540 መሆኑ ነው። ኢራንን የሳፋቪ ነገሥታት ይገዙ ነበር፤ ዙፋኑ ላይ የነበረው ሻህ ታህማስፕ ነው። ምንጣፉ የተሠራው አርዳቢል ከተማ ላለው የሼክ ሳፊ መቃብር ነው። ሥርወ መንግሥቱ ስሙን ያገኘው ከእኚሁ የሱፊ አባት ነው።

ቤት ስገባ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። አንዷ ቋጠሮ እንዴት ነው የምትታሰረው? ሞክሬ ካላየሁት እንደማይገባኝ አወቅኩ።

ከእኛ ፎቅ በታች አንዲት የኢራን እናት ይኖራሉ። "እማማ" እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ ወደውታል። በልጅነታቸው ከእናታቸው ጎን ቁጭ ብለው ምንጣፍ ሠርተዋል። የመቅሱድን ስም ሳነሳባቸው "የአገሬ ልጅ!" ብለው ፊታቸው በራ። ለካ ካሻኒ ማለት የካሻን ከተማ ሰው ማለት ነው፤ እሳቸውም የካሻን ልጅ ናቸው። ምንጣፉ ላይ ያለውን ግጥም ደግሞ በቃላቸው ይዘውታል። ከደጃፍህ ሌላ መጠጊያ የለኝም የሚል ነው።

ከጣውላ ትንሽ ፍሬም ሠራሁ፤ እሳቸው "ዳር" ይሉታል። ለድሩ የጥጥ ክር ገዛሁ። የአርዳቢሉ ድርና ማግ ሐር ነው፤ ላዩ ግን ሱፍ ነው፣ ሱፍ ቀለም አጥብቆ ስለሚይዝ። እኔ ለሐር አቅሜ አልፈቀደም።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ድሩን አላልቼ መወጠሬ ነው። ሁለት ሳምንት ስቋጥር ከርሜ ጎንና ጎኑ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ፣ መሃሉ አበጠ። እማማ መጥተው ድሩን እንደ ክራር በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ድምፅ የለውም። "አዚዘም (ውዴ ማለታቸው ነው)፣ ይሄ አይዘፍንም። ፍቺው" አሉኝ። ሁለት ሳምንት የለፋሁበትን ስፈታ እንባዬ መጣ። አሁን ግን ድር ከወጠርኩ በኋላ ጆሮዬን አስጠግቼ ሳልሰማው አልጀምርም።

ቋጠሮዋ እንዲህ ነች። ሁለት የድር ክሮች ትይዣለሽ። የሱፉን ክር አንደኛው ላይ ትጠመጥሚዋለሽ፤ በሁለተኛው ግን ከኋላው ብቻ ታሳልፊዋለሽ። ከዚያ ወደ ታች ሳብ፣ በቢላ ቆረጥ። ሁለት ጫፍ ወደ ፊት ይቀራል። የፋርስ ቋጠሮ የሚሉት ይሄን ነው። በቱርኩ ቋጠሮ ክሩ ሁለቱንም ይጠመጥማል። የፋርሱ አንድ ወገን ብቻ ስለሚታሰር ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ ቀጭን የአበባ ሐረግ ለማውጣት ይመቻል። አንድ ረድፍ ሲያልቅ ማግ ሁለቴ አሳልፌ "ደፍቲን" በሚሉት ከባድ ማበጠሪያ እደበድበዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ምንጣፉን እንዳላበላሸው እየሳሳሁ ቀስ አድርጌ ነበር የምመታው። ረድፉ ሳሳ። እማማ ደፍቲኑን ተቀብለው ሲመቱት ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ጠበቅ ያለው ያኔ ነው።

ንድፉን በካሬ ወረቀት ላይ ሳልኩት፤ አንዱ ካሬ አንድ ቋጠሮ ነው። የመረጥኩት በአርዳቢሉ ምንጣፍ መሃል ካለው ትልቅ ክብ ወጥተው ከተንጠለጠሉት ሁለት የቀንዲል ሥዕሎች ትልቁን ነው። የእኔ ምንጣፍ 20 ሴንቲ ሜትር በ20 ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ 60 ቋጠሮ፣ በጠቅላላው 60 ረድፍ፤ 3,600 ቋጠሮ ማለት ነው። ከሥራ መልስ እየሠራሁ አራት ወር ፈጀብኝ። አርዳቢሉ ላይ ግን በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 53 ያህል ቋጠሮ አለ። የእኔን የምታክል ቁራጭ ብቻ ከ21,000 በላይ ትፈልጋለች። ሙሉው ምንጣፍ ከ25 ሚሊዮን ይበልጣል።

ይሄን ስሌት ከሠራሁ በኋላ ምንጣፉን የማይበት ዐይን ተቀየረ። ባለሙያዎች እስከ 10 የሚደርሱ ሠራተኞች ጎን ለጎን ተቀምጠው ለዓመታት ሳይሠሩት አልቀረም ይላሉ። የቤተ መንግሥት ትእዛዝ ስለሆነ ወንዶች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሴቶቹ በብዛት የሚሠሩት ቤታቸው ነው። ስሙ የተጻፈው ግን መቅሱድ ብቻ ነው። ቆሽቴ የሚያርረው እዚህ ላይ ነው። ጣቴ ሲቆስልና ጀርባዬ ሲንቀጠቀጥ እነዚያን ሰዎች አስባለሁ።

ሙዚየሙ ምንጣፉን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1893 በ2,000 ፓውንድ ሲገዛው መንታ እንደነበረው የሚናገር አልነበረም። ሁለቱም ከአርዳቢል ተሽጠው ነበር፤ አንዱን ለመጠገን ሌላውን ቆራርጠውታል። የተቆረጠው ዛሬ ሎስ አንጀለስ ነው ያለው፣ ያለ ጠርዝ። እማማ ይሄን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ሁለቱ ቀንዲሎች እኩል አይደሉም። ትንሹ በኩል ለሚቀመጥ ሰው እኩል እንዲመስሉ ነው የሚሉ አሉ። ፍጹምነት የፈጣሪ ብቻ ስለሆነ ሆን ተብሎ የተተወ ጉድለት ነው የሚሉም አሉ። እማማን ጠየቅኳቸው። "ሁለቱንም ሥሪና አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠሽ እይው" አሉኝ። የትንሹን ድር ትናንት ማታ ወጥሬዋለሁ። ነካ ሳደርገው ይዘፍናል።