ታሪኩ ከአርባው በኋላ ይጀምር

ማታ ማታ መብራት ካለ ልጆቹን አስተኝቼ ኢርፎን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ትረካ እሰማለሁ፣ ቴሌግራም ላይ የሚለቀቁትን መንፈሳዊ ታሪኮች፣ በተለይ ስለ ሴቶች ስለ ትዳር ስለ ሀዘን የሚያወሩትን። ደስ ይሉኛል እውነት ለመናገር። ግን ብዙዎቹ አንድ መንገድ ነው የሚሄዱት። ባል ይጠጣል፣ ሚስት ታለቅሳለች፣ ሱባኤ ትገባለች፣ ባል ይመለሳል፣ አለቀ። ወይ ደግሞ ልጅ ይሞታል፣ እናት ታማርራለች፣ አንድ አባት መጥተው ይገስጿታል፣ በሚቀጥለው ክፍል ሌላ ልጅ ታቅፋለች። እኔ ጸሎት ይሰማል ብዬ ነው የማምነው፣ ስለቴ ደርሶልኝ እልል ብዬ አስገብቻለሁ፣ ግን ሀዘን እንደዛ በአንድ ማታ ትረካ ሲያልቅ ስሰማ በጣም ይከፋኛል፣ ምክንያቱም እኔ የማውቃቸው ሴቶች ሀዘናቸው እንደዛ አላለቀም።

እኛ ጎጃም ሰው ሲሞት መጀመሪያ ላይ ብቻሽን አትሆኚም። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮውንም እንጀራውንም ይዞ ይመጣል፣ አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፣ ዘመድ ከሞጣ ከቢቸና ከፍኖተ ሰላም ሌሊት ተነስቶ ይደርሳል፣ የመጣው ሁሉ እግዜር ያጥናሽ ይላል። ሰልስት ይወጣል። ከዛ ሰባት፣ አስራ ሁለት፣ ሰላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ቤተክርስቲያን በሶስተኛው ቀን በቃሽ አላለችም፣ ቀን ቆጥራ ተመልሳ ትመጣለች፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ግን በአርባና በሰማንያ መሀል ያሉት ተራ ቀኖችስ? ሰው ወደ አጨዳው ወደ ገበያው ተመልሷል፣ ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ኑሮ ነው። ሴትዮዋ ግን ቡና አፍልታ በልማድ የሱንም ሲኒ ትቀዳለች። ታሪኩ እዛ ጋ መጀመር አለበት ነው የምለው።

ጓደኛዬ ባሏን ስትቀብር የመጨረሻ ልጇ ጡት አልጣለም፣ አዝመራውም ገና አልተሰበሰበም ነበር። ከአርባው በኋላ ማታ እየሄድኩ አብሬያት አድር ጀመር። ብዙም አናወራም፣ እሷ ትፈትላለች እኔ ልጁን እይዛለሁ። አንድ ማታ ቀና ሳትል «እግዜርን ተቀይሜዋለሁ እታለም፣ ቆርበን እየኖርን እንዴት እንዲህ ያረገናል» አለችኝ። ምንም አላልኳትም። በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ኪዳን ልታስደርስ ሄደች። ሁለቱም እውነት ነው፣ ቅያሜውም ኪዳኑም፣ እና ከምሰማቸው ታሪኮች ውስጥ ሁለቱን አንድ ሴት ላይ አብሮ ያስቀመጠ አላገኘሁም፣ ወይ የተቀየመች ትሆናለች ወይ ያመነች።

ባለቤቴስ። እሱም እኮ ጓደኛውን ነው የቀበረው። ድንኳኑ ከተነሳ ወዲህ የሟቹን ስም አንስቶ አያውቅም፣ እኔም ረሳው እንዴ እያልኩ አዝን ነበር፣ ሰኔ ሲገባ ግን የራሱን ማሳ ትቶ መጀመሪያ የሷን አረሰ፣ አስቀድሞ አልነገረኝም፣ ለማንም አልነገረም። እሷ ጋር በማድርባቸው ማታዎች ልጆቻችንን አብልቶ የሚያስተኛው እሱ ነበር፣ ሳመነታ ሲያየኝ «ሂጂ እንጂ መሸ» ይለኛል። ስለ ሴቶች ጓደኝነት ሲጻፍ ባል ወይ ከልካይ ነው ወይ የለም፣ አንዷ ሴት ሌላዋ ዘንድ ስታድር ግን ከኋላ አንድ ትዳር ሙሉ አብሮ እየተሸከመ ነው። ይሄም ይጻፍልን።

እንዴት ይጻፋል የሚል ካለ መጽሐፈ ሩትን ያንብብ፣ 4 ምዕራፍ ብቻ ነው። ገና ምዕራፍ 1 ቁጥር 5 ላይ የኑኃሚን ባል አቤሜሌክም ሁለቱ ልጆቿ መሐሎንም ኬሌዎንም ሞተዋል፣ የቀረው ታሪክ በሙሉ ከቀብር በኋላ ነው። ኑኃሚን ቤተልሔም ስትገባ ሴቶቹ ፊት ሁሉን የሚችል አምላክ እጅግ አስመርሮኛል ትላለች፣ እና አንድም ሰው ተይ አይላትም። ምራቷ ሩትም አልገሰጸቻትም፣ ወደምትሄጅበት እሄዳለሁ ብላ ነበር፣ ሄደች፣ ከዛ ስራ ጀመረች። ሌላዋ ምራት ዖርፋ እንኳን አልቅሳ ስማ ስትመለስ መጽሐፉ አልረገማትም። ደግሞ የሚገርመው ኑኃሚንና ሩት አማትና ምራት ናቸው፣ እኛ ሀገር አማትና ምራት በአንድ ግቢ እንዴት እንደሚተያዩ የሚያውቅ ይፍረድ።

ሩት የገባችው ቃርሚያ ነው፣ ከአጫጆች ኋላ እየተከተለች፣ የገብሱ አጨዳ አልቆ ስንዴው እስኪያልቅ። ይሄን ለጎጃም ሴት ማንም አያብራራላትም። እኛ ጋር ሴት ሁሉን ትሰራለች፣ ታርማለች ታጭዳለች፣ እርፍ ግን አትጨብጥም፣ ስለዚህ ባል ሲሞት መሬቱ አለ፣ ደብተሩ ላይ የሁለታቸውም ስም አለ፣ ግን የሚያርሰው ሰው የለም፣ ወይ ምርቱን ለመካፈል ለሌላ አራሽ እኩል ትሰጣለች ወይ የባል ወንድም አይኑን ይጥልበታል። የቃረመችበት ማሳ ባለቤት ቦዔዝም ሩትን ያገባው በጨረቃ በፍቅር ደብዳቤ አይደለም፣ በከተማው በር 10 ሽማግሌ አስቀምጦ የመሬቱን ጉዳይ ከቅርብ ዘመዱ ጋር ጨርሶ ነው፣ ዘመድየው መሬቱን ሲሰማ እሺ አለ፣ ሩትም አብራ እንዳለች ሲሰማ ርስቴን አበላሻለሁ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ፍቅርም ሀዘንም ርስትም አንድ ላይ ናቸው። መጨረሻ ላይ ልጅ ሲወለድ ስም ያወጡለት ጎረቤት ሴቶች ናቸው፣ ኑኃሚንን ምራትሽ ከሰባት ወንዶች ልጆች ትሻልሻለች የሚሏትም እነሱ። እግዚአብሔር በዚህ መጽሐፍ አንድ ጊዜ እንኳን ወጥቶ አይናገርም፣ ግን ማን ነው የለም የሚል?

ልቦለድ መንፈሳዊ ሲሆን የግድ ስብከት ይሆናል የሚሉኝ አሉ። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ይሄው የኛው ሀገር ታሪክ አይደል፣ በዛብህን ወላጆቹ እንዲድን ብለው ለቤተክርስቲያን ተስለውታል፣ ያ ሰብለን ሲወድ የሚያስጨንቀው ስለት ባይኖር ታሪኩ ግማሽ ነበር። ስብከት ነው ያለው ሰው የለም። እምነት እንዲህ ሰው ህይወት ውስጥ ገብቶ ሲያስጨንቅም ሲያጽናናም ማሳየት ይቻላል፣ እኛ ሴቶቹ ደግሞ የምናወራው ሞልቶናል፣ የማርያም ማህበር ላይ ጠላው ሲቀዳ ከኔ ጎን የሚወራውን ብቻ የጻፈ መጽሐፍ ይወጣዋል።

እንደገና ማግባትንም ሳይፈራ የሚጽፍ እፈልጋለሁ። ጳውሎስ ባሏ የሞተባት በጌታ ይሁን እንጂ የወደደችውን ልታገባ ነጻ ናት ብሏል፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥39 ላይ፣ ሰፈር ግን ነጻ አይለቃትም፣ ካገባች ቶሎ ረሳችው ትባላለች ካላገባች ልጆቿን ያለ አባት አስቀረች ትባላለች። ጓደኛዬ ላይ ሰሞኑን ሽማግሌ ተልኮባት ነበር፣ ጥሩ ሰው ነው የላከው፣ እሷም አልጠላችውም። የሙት ዓመቱ ተዝካር ይውጣና እንነጋገራለን ብላ መልሳቸዋለች። እስከዛ ጌሾው መወቀጥ አለበት፣ ቅዳሜ እኔና እሷ ጥንስሱን እንጥላለን፣ የሽማግሌዎቹንም ነገር ያኔ ታወራኛለች ብዬ እጠብቃለሁ።