ቀዳዳው ላይ የተወተፈው ፎጣ

አሜሪካ ውስጥ፣ ከሚኒያፖሊስ ከተማ በስተሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው ሚል ላክስ ሐይቅ፣ ለዓሣ አጥማጆች ጎጆ የሚያከራይ ድርጅት ውስጥ ሁለት ክረምት ሠርቻለሁ። ውሃው በረዶ ሲሆን ጎጆዎቹን እየጎተትን በረዶው ላይ እናሰፍራለን። ወለላቸው ቀዳዳ አለው፤ ደንበኛው የፕሮፔን ጋዝ ማሞቂያ አጠገብ ተቀምጦ መንጠቆውን ይጥላል።

ጭንቀታችን ሁሉ በረዶው ነበር። በየማለዳው በድጅኖ እየወጋን፣ በየ45 ሜትሩ እየሰረሰርን እንለካለን። ለእግረኛ ጥርት ያለ በረዶ ከሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ መካከለኛ ፒክአፕ ግን 33 ይፈልጋል። ነጣ ያለ በረዶ ደካማ ስለሆነ ልኩ እጥፍ ነው።

ጥር ላይ አንድ ማታ ለመንጠቆ የሚሆኑ ትንንሽ ዓሦች ላደርስ ወደ አንዱ ጎጆ ሄድኩ። አራት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው አግዳሚው ላይ ተጋድሟል። «ቢራ በዝቶበት ነው፤ ራሱን አመመው» አሉኝ አንድ ሽማግሌ፣ እሳቸውም ግንባራቸውን እያሹ።

«እርስዎንም ያምዎታል?»

«ትንሽ። ሁላችንንም።»

ክው አልኩ። ያደግኩት ደሴ ነው። የብርድ ሰሞን የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ክፍል ስናስገባ እናቴ ካየች፣ «ራስ ምታቱ ሲጀምራችሁ እግራችሁ አይታዘዝላችሁም!» እያለች ትጮህብን ነበር።

በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፤ ማሞቂያውን አጠፋሁ። ሦስቱ እየተንገዳገዱ ወጡ፤ የተጋደመውን ብብቱን ይዤ ጎትቼ አወጣሁትና 911 ደወልኩ። ውጭ ጥቂት እንደቆዩ የሦስቱ ራስ ምታት ቀለል አላቸው። ስካር በአንድ ጊዜ አራት ሰው አይመታም፤ ንጹሕ አየር ሲያገኝም እንዲህ አይለቅም። ማሞቂያው አየር ሲያጥረው የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደም ላይ ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል።

ኋላ ተመልሼ ስገባ የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ላይ ሰማያዊ ፎጣ ተወትፏል፤ ነፋሱ አስቸግሯቸው ነው። ግድግዳው ላይ ያለው የጋዝ ጠቋሚም ቢጮኽባቸው ባትሪውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከመጫወቻ ካርታቸው አጠገብ አስቀምጠውታል።

አራቱም ሆስፒታል ኦክሲጅን ተሰጥቷቸው ተረፉ። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ያን ቀን ጠዋት ቁልፉን ሳስረክባቸው ያልኩት ነው። ስለ በረዶው ውፍረት አሥር ደቂቃ አስረድቻቸዋለሁ፤ ስለ አየር ማስገቢያው ቀዳዳ አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ከመስጠቴ በፊት ጠቋሚውን ተጭኜ ድምፁን አሰማለሁ። ደንበኛው ጓንቱን አውልቆ መዳፉን ቀዳዳው ላይ እንዲያደርግና ቀዝቃዛው ነፋስ ሲገባ እንዲዳስስም አደርጋለሁ።

ያን ሌሊት ደሴ ላለችው እህቴም ደወልኩ፤ እዚያ ነግቶ ነበር። ከሰሉ ፍም ቢሆንም ጋዙ አይቀርምና፣ ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል እንዳታስገባው ለመንኳት።