ከኤም 35ኤ2 ካምዮን ጋር ሁለት ዓመት፦ ፍሬኑን ለምን ማስቀደም እንደነበረብኝ

ጡረታ የወጣ ወታደራዊ ካምዮን ማደስ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ። የእኔው የአሜሪካ ጦር ይጠቀምበት የነበረው ኤም 35ኤ2 ነው፤ ጋቢናው ውስጥ የተለጠፈው የብረት ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ1971 እንደተሠራ ይናገራል። ዐሥር ጎማ አለው፣ ሦስቱም አክስሎች ይነዳሉ፣ ባዶውን 6 ቶን ገደማ ይመዝናል። «ሁለት ቶን ተኩል» የሚል ስም የወጣለት ከመንገድ ውጭ እንዲጭን ከተፈቀደለት መጠን ነው፤ በደህና መንገድ ላይ እጥፉን ይሸከማል። የዚህን ቤተሰብ የመጀመሪያ መኪኖች ሬኦ የተባለው ፋብሪካ የሠራቸው በ1950 አካባቢ ነበር። ከዚያ በኋላ ዲዛይኑ ብዙም ሳይነካ ለአሥርት ዓመታት ስለተመረተ መለዋወጫው ዛሬም አልጠፋም።

ላካፍላችሁ የምፈልገው ስለ ሥራ ቅደም ተከተል ነው። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወራት ሞተሩ ላይ ጨረስኳቸው። ፍሬኑን የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ከፍቼ ያየሁት ደግሞ እስካሁን ያስደነግጠኛል።

ሞተሩ ልብ ይሰርቃል፣ ለዚህም ነው መጀመሪያ የሄድኩበት። ኤልዲቲ 465 ይባላል፤ ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ፣ 7.8 ሊትር፣ ባለ ቱርቦ። ናፍታ፣ ኬሮሲን፣ የጄት ነዳጅ፣ ሲቸግርም ቤንዚን እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው። ምሥጢሩ ያለው ፒስተኑ አናት ላይ በተቦረቦረው ክብ ጉድጓድ ነው። ነዳጁ አብዛኛው የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ስስ ሆኖ ይለጠፍና በሚሽከረከረው አየር እየተነነ ይቃጠላል። ቤንዚን በመታመቅ ብቻ እንደ ናፍታ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ስለዚህ የመጭመቂያው ምጣኔ 22 ለ 1 ድረስ ከፍ ብሏል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሞተሪኖውና ባትሪዎቹ ለምን ያን ያህል ግዙፍ እንደሆኑ ገባኝ።

ለዓመታት ቆሞ የኖረ የዚህ ዓይነት ሞተር ለማስነሳት ያሰባችሁ ግን እዚህ ላይ ቆም በሉ። በኢንጀክሽን ፖምፓው ውስጥ ነዳጅ የሚመጥነው ክፍል ደርቆ ከተጣበቀና የተጣበቀው ሙሉ ነዳጅ በሚሰጥበት ቦታ ከሆነ፣ ሞተሩ ራሱን እስኪያፈርስ ድረስ ይሮጣል። ማብሪያውን ማጥፋት አያቆመውም። ይህ ሞተር የሚጠፋው ነዳጁን የሚዘጋውን እጀታ በመሳብ ነው፤ ፖምፓው ከተጣበቀ እጀታውም ላይረዳ ይችላል። የቀረው መንገድ አየር መከልከል ነው። ስለዚህ የአየር ማጣሪያውን ፈትቼ፣ አፉን የሚከድን ወፍራም ጣውላ አዘጋጅቼ፣ ጓደኛዬን ጣውላውን አስይዤ አጠገቡ አቆምኩት። በእጅ መዝጋት አይሞከርም።

ከዚያ በፊት አሮጌውን ዘይት አፍስሼ ወደ 21 ሊትር የሚጠጋ አዲስ ዘይት ሞልቻለሁ። ሁለቱን የዘይት ፊልትሮዎችም ባዷቸውን አልገጠምኳቸውም፤ ዘይት ሞላኋቸው። የማጥፊያውን እጀታ ስቤ እንደያዝኩ የዘይቱ ጌጅ ከፍ እስኪል በሞተሪኖው በየተራ፣ እያሳረፍኩ አዞርኩት። ደረቅ ኩሽኔታ ላይ ማስነሳት ቱርቦውንም ክራንኩንም ይጎዳል። በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ። ነጭ ጭሱ ሲጠራና የቱርቦው ፉጨት ሲሰማ ሁለታችንም ዝም ብለን ቆመን አዳመጥነው።

ስሕተቴ የመጣው ከዚህ ደስታ በኋላ ነው። ግቢ ውስጥ በእርምጃ ፍጥነት ነዳሁት፣ ፔዳሉን ረገጥኩ፣ ቆመ። «ፍሬኑ ደህና ነው» ብዬ በማስታወሻዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ አንድ በዕድሜ የገፉ የከባድ መኪና መካኒክ ሊያዩት መጡ። ሞተሩን አስነሳው አላሉኝም። የእጅ ባትሪ ይዘው ከሥር ገቡና በየጎማው ውስጠኛ ፊት እጃቸውን እየሰደዱ ዞሩ። ሲወጡ ጣታቸውን አሳዩኝ፤ ጥቁር ዘይት። «የኋላ ግራው ርጥብ ነው። ሳትከፍተው አትንዳው» አሉኝ።

የዚህን መኪና ፍሬን አሠራር በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። ዘይትና አየር ተጋግዘው ነው የሚሠሩት። ፔዳሉ ማስተር ሲሊንደሩን ይገፋል፤ ከእሱ የሚወጣው ግፊት ደግሞ በኮምፕሬሰር አየር የሚሠራ አጋዥ ሲሊንደር ጋ ደርሶ ይበረታል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ነገር ግን በፋብሪካ እንደወጣ የዘይቱ መስመር አንድ ብቻ ነው። ስድስቱም የጎማ ሲሊንደሮች ከአንድ ምንጭ ይጠጣሉ። አንድ ሆዝ ከፈነዳ ወይም አንድ ሲሊንደር ካፈሰሰ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ የትኛውም ጎማ አይይዝም። የእጅ ፍሬኑም ከትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ አክስሎች ከሚያከፋፍለው ማርሽ ሳጥን) ኋላ ያለውን ሻፍት የሚይዝ አንድ ታምቡር ነው፤ የቆመ መኪና እንዳይንሸራተት ይጠቅማል እንጂ በቁልቁለት የሚወርድ 6 ቶን ብረት ያስቆማል ብላችሁ አትመኑበት።

ጎማዎቹን መፍታት ራሱ ትምህርት ነበር። በግራ በኩል ያሉት ዳዶዎች የሚፈቱት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ እኔ ረጅም ቧንቧ መፍቻው ላይ ሰክቼ እያጠበቅኩ አንድ ቡሎን ሰበርኩ። ቡሎኑ ጫፍ ላይ «ኤል» የምትል ፊደል ተመትታለች፤ ዝገቱን ብጠርገው ኖሮ አያት ነበር። ቸርኬዎቹ ደግሞ ጎማውን የሚይዙት በተሰነጠቀ የብረት ቀለበት ነው። ያ ቀለበት በትክክል ሳይቀመጥ ጎማው ከተነፋ ተወርውሮ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ዳዶ ከመንካቴ በፊት የቫልቩን ልብ አውጥቼ አየሩን ጨርሼ አስወጣለሁ፤ የኋላው ጥንድ ከሆነ ከሁለቱም። ጎማ መቀየሩንና መንፋቱን የብረት ቀፎ ላለው ጎማ ቤት ሰጥቻለሁ። ሌላውን ሁሉ በራሴ እሠራለሁ፣ ይህን ግን አልሠራም።

ታምቡሩ ሲወልቅ የፍሬን ሸራው በአክስል ዘይት ርሶ እንደ ቆዳ አብረቅርቋል። ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት) ያረጀ ነበርና እሱን ቀይሬ ጨረስኩ አልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ቦታ እንደገና ረጠበ። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ምሽት ፈጅቶብኛል። የኩሽኔታው መቆለፊያ ዋሸር ጥርሱን የሚያስገባበት በስፒንድሉ (ጎማው የሚዞርበት የአክስል ጫፍ) ላይ የተቦረቦረ ጠባብ ቦይ አለ፤ ዘይቱ ፓራኦሊዮውን ሳይነካ በዚያ ቦይ ሾልኮ ያልፋል። ቦዩን በቤንዚን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዘይት በሚቋቋም ሲሊኮን ስሞላው ቆመ። ሸራውን ግን አጥቦ መመለስ አይቻልም፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ሲሞቅ መልሶ ያወጣዋል። ቀየርኩት።

ከዚያም የፍሬን ዘይቱ። ከአንዱ ጎማ ሐምራዊ፣ ከሌላው ቡናማ ወጣ። ሐምራዊው ሲሊኮን ነው፣ ዶት 5 የሚባለው፤ የአሜሪካ ጦር በ1980ዎቹ ወደ እሱ ዞሯል። ቡናማው የተለመደው ግላይኮል ነው። ሁለቱ አይዋሃዱም። ከእኔ በፊት የያዘው ሰው ሲጎድል ያገኘውን ጨምሮበት መሆን አለበት፤ ማስተር ሲሊንደሩ ታች ላይ እንደ ንፍጥ የወፈረ ዝቃጭ ተኝቶ ነበር። ማጠብ እንደማይበቃ ወሰንኩ። ስድስቱን የጎማ ሲሊንደሮች፣ ሆዞቹን ሁሉ፣ ማስተር ሲሊንደሩን፣ የአጋዡን ጎሚኒዎች (የላስቲክ ማተሚያዎች) ቀየርኩ፣ የብረት ቧንቧዎቹንም አዲስ አደረግኩ። አየሩን ሳስተነፍስ መጀመሪያ አጋዡን፣ ቀጥሎ ከሩቁ ጎማ ጀምሬ ወደ ቅርቡ ነው የመጣሁት። ሲሊኮን ሲንቀጠቀጥ ጥቃቅን አረፋ ይይዛል፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ መቅዳት፣ ፔዳሉንም በእርጋታ መርገጥ ነው። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሄደበት።

አሁን ፔዳሉ ከፍ ብሎ፣ ድንጋይ የረገጥኩ ያህል ይይዛል። የመጀመሪያውን ፔዳል «ደህና» ያልኩት ጤነኛ ፔዳል ምን እንደሚመስል ስላላወቅኩ ነበር።

ኤሌክትሪኩ ከጠበቅኩት ቀሎኛል። 24 ቮልት ነው፣ ሁለት ባለ 12 ባትሪዎች በተከታታይ የተያያዙበት። እያንዳንዱ ሽቦ ቁጥር የተመታበት ትንሽ የብረት ቀለበት አለው፤ ከመመሪያው ሥዕል ጋር እያመሳከሩ መከተል ይቻላል። መብራቱ አልበራ ያላችሁ ጀማሪዎች ሽቦ ከመቁረጣችሁ በፊት የማብሪያውን ሦስት እጀታዎች እዩ፤ ጠላት እንዳያይ በስሕተት እንዳይበራ ተብሎ መቆለፊያውን ካላነሱ ዋናው እጀታ አይዞርም።

ቀለሙን ገና አልጨረስኩም፣ አልቸኩልበትምም። በሩን ስፍቅ ከላይ ባለ ሦስት ቀለሙ የ1980ዎቹ መደበቂያ፣ ከሥሩ ደማቅ ያልሆነው የወይራ አረንጓዴ ተገኘ። ይህ የታችኛው በአሜሪካ ፌዴራል የቀለም መለኪያ 24087 የሚባለው ነው፣ ልመልሰውም ያሰብኩት ወደ እሱ ነው። ከአንዱ በር ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ ንብርብሩ እንዳለ እንዲቀር ትቻለሁ። አሮጌው የጦር ቀለምና ከሥሩ ያለው ዝገት መከላከያ ቀለም (አንቲሩጂኔው) እርሳስና መርዛማ ክሮሚየም ሊኖርባቸው ስለሚችል በደረቁ አልፍቅም፤ እያራስኩ፣ ተገቢውን የመተንፈሻ ጭንብል አድርጌ ነው የምሠራው።

ጥገናው አሁን ልማድ ሆኗል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ የአየር ታንኮቹን ውሃ አፈስሳለሁ። ስመለስ በየጎማው ሐብ (ጎማው የሚታሰርበት መሃል ክፍል) እጄን አስጠግቼ እዞራለሁ፤ ከሌሎቹ በጣም የሞቀ ካለ ወይ ሸራ ይዟል ወይ ኩሽኔታ ጠብቋል። ቢያንስ በወር አንዴ አክስሎቹ እስኪሞቁ ድረስ እነዳዋለሁ፤ ቆሞ ሞተር ማስጮህ ለጎሚኒዎቹም ለማርሹም አይጠቅምም።

በሚቀጥለው ወር የፊት አክስሉን እከፍታለሁ። የመሪው መታጠፊያ ላይ ያለው የላስቲክ ሽፋን ተቀድዶ ግራሶው እየወጣ ነው። ሐቡ ሳይወልቅ የሚገጠም ባለ ዚፕ ሽፋን አለ፤ ሐቡን አውልቆ የሚገባ ድፍኑም አለ። እኔ ኩሽኔታዎቹን አብሬ ለማየት ወደ ድፍኑ አዘንብያለሁ። ባለ ዚፑን ገጥማችሁ ከአንድ ክረምት በላይ የነዳችሁበት ካላችሁ ውሃ ያስገባ እንደሆነ ጻፉልኝ።