ሚዛኑ ደህና ነበር

ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። የከባድ መኪና ሚዛን ሲስተም ነው፣ አንዱ ፕሮግራም ክብደቱን ከሚዛኑ እያነበበ ሼርድ ሜሞሪ (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የሜሞሪ ቦታ) ላይ ይጽፋል፣ ሌላው ከዛ አንስቶ ስክሪን ላይ ያሳያል፣ ሁለቱም ያንን ቦታ የሚያገኙበትን ቁጥር፣ ኪያቸውን፣ ኤፍቶክ በሚባል ፈንክሽን ከኮንፊግ (የማስተካከያ) ፋይሉ ነው የሚያወጡት። አንድ ቀን ጠዋት እህል የጫነ ተሳቢ ሚዛኑ ላይ ቆሞ ስክሪኑ ዜሮ ይላል።

ለሚዛን ሠራተኛው ደወልኩ። «ጋሼ፣ ኬብሉ ላልቶ እንዳይሆን?»

«ልጄ፣ ነቅዬ መልሼ ሰክቼዋለሁ። የሚዛኑ የራሱ ማሳያ ላይ እኮ ቁጥሩ ይታያል፣ ዜሮ የሚለው የእናንተ ኮምፒውተር ነው።»

ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ በጣታቸው አሳይተውኝ ነበር። እኔ ግን አልሰማሁም፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ኬብልና ፖርት ሳስፈትሻቸው ዋልኩ፣ መኪኖቹ ተሰልፈዋል፣ አለቃዬ ደግሞ «ሪቡት አድርጉት፣ ይለቃል» ይላል።

ሪቡት ሳይደረግ አይፒሲኤስ (የሼርድ ሜሞሪ ቦታዎችን የሚዘረዝር ትዕዛዝ) ብዬ አየሁ። አንድ መሆን የነበረበት ሴግመንት (የጋራው ሜሞሪ ቦታ) ሁለት ሆኗል፣ እያንዳንዱ ላይ የተያያዘው ፕሮሰስ አንድ ብቻ። በሄክስ (በ16 ቤት ቁጥር) ሲጻፍ ሁለቱም ኪይ በ41 ይጀምራል፣ እሱ ለኤፍቶክ ፕሮጀክት አይዲ ብለን የሰጠነው ኤ ፊደል ነው፣ መሃሉም አንድ ነው፣ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ግን ተለያይተዋል። እነሱ ከፋይሉ አይኖድ (ሲስተሙ ለፋይሉ የሰጠው መለያ ቁጥር) የሚመጡት 16 ቢቶች ናቸው። ኤፍቶክ የፋይሉ ስም ምን እንደሆነ ግድ የለውም፣ አይኖዱን ነው የሚያየው። ለካ ማታ አንድ ልጅ ኮንፊጉ ውስጥ ያለውን የፕሪንተሩን አይፒ በሴድ ማይነስ አይ (ፋይል ውስጥ ጽሑፍ የሚቀይር ትዕዛዝ) ቀይሮ የስክሪኑን ፕሮግራም ብቻ ሪስታርት አድርጎታል፣ ሴድ ደግሞ አዲስ ፋይል ጽፎ በድሮው ስም ይተካዋል፣ ስሙ ያው አይኖዱ ሌላ። የስክሪኑ ፕሮግራም አዲስ ኪይ አገኘ፣ ኮዱ ላይ አይፒሲ ክሬት (ሴግመንቱ ከሌለ አዲስ ፍጠር የሚለው ምልክት) ስላለበት ኤረር እንኳን ሳይል ባዶ ሴግመንት ፈጥሮ ዜሮ ሲያነብ አደረ።

ሪቡት ብናደርገው ይሰራ ነበር፣ ሁለቱም ከአዲሱ ፋይል ስለሚነሱ። ከዛ ኮንፊጉን የሚነካ ሰው በመጣ ቁጥር ጋሼ ኬብል ሲነቅሉ ይኖሩ ነበር።

ኪዩን ማንም ኤዲት ወደማያደርገው ለብቻው ባዶ ፋይል አዛወርኩት፣ አይፒሲ ክሬትንም ከስክሪኑ ኮድ አወጣሁት፣ ሴግመንቱን ካጣ ኤረር ሰጥቶ ይቁም። ከዛ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ ይቅርታ፣ ሚዛኑ ደህና ነበር።»

«እኔስ ምን አልኩህ ልጄ» አሉኝና ተሳቢውን አስገቡት።